ረጅም ቃልና የድረ ገጽ ፍተሻ፦ የግዕዝ ፊደል በምን ይለካ?

አንድ ሰው በድረ ገጽ ላይ ስሙን፣ አቤቱታውን ወይም የሥራ ማመልከቻውን ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ሲጫን፣ ጽሑፉን ሰው ከማየቱ በፊት ማሽን ይፈትሸዋል። ከፍተሻዎቹ መካከል ብዙም የማይወራለት አንድ አለ፦ በጽሑፉ ውስጥ ከመጠን በላይ የረዘመ ቃል ይኖር እንደሆነ የሚያጣራው። ከተገኘ ሥርዓቱ ጽሑፉን ይመልሳል፣ ወይም ቃሉን ይቆርጣል፣ ወይም በውስጡ የማይታይ ምልክት ያስገባል። ደንቡን የጻፉት ሰዎች በአብዛኛው ያሰቡት የላቲን ፊደልን ስለሆነ፣ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ምንም ሳያጠፋ «ቃሉ በጣም ረጅም ነው» ሊባል ይችላል።

ይህ ዳሰሳ ፍተሻው ከየት እንደመጣ፣ አንዱን ቃል ከሌላው በምን እንደሚለይ፣ ርዝመትን በምን እንደሚቆጥርና የረዘመውን ምን እንደሚያደርገው ተራ በተራ ያያል። አቋሙም ከወዲሁ ይታወቅ፦ የገጹን ቅርጽ መጠበቅ የገጹ ሠሪ ሥራ እንጂ የጸሐፊው ዕዳ አይደለም። ሰውን ጽሑፍህ ረዘመ ብሎ መመለስ የሚገባው እውነተኛ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ቆጠራው ትክክል መሆን አለበት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ የተወለደበት ዘመን

ብራውዘር መስመር የሚያጥፈው በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ሲያገኝ ነው። ክፍት ቦታ የሌለው ረጅም ሰንሰለት ከመጣ ግን ከተመደበለት ዓምድ አልፎ ይወጣል። በ1990ዎቹ ገጾች የሚሠሩት በሠንጠረዥ ነበር፤ የሠንጠረዥ ክፍል ደግሞ በውስጡ ካለው ረጅሙ ቃል በታች አይጠብም። አንድ ሰው የለጠፈው አንድ ረጅም ሊንክ መላውን ገጽ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ሌሎች አንባቢዎችም እያንዳንዱን መስመር ለማንበብ ገጹን ወደ ቀኝና ወደ ግራ መጎተት ይኖርባቸዋል።

መፍትሔው በአንድ ጊዜ አልመጣም። ረጅም ቃልን በግድ የሚያጥፈውን ትእዛዝ ማይክሮሶፍት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5.5 በ2000 አመጣው፤ ፋየርፎክስ የተቀበለው ግን በ2009 በወጣው 3.5 እትሙ ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ሁሉንም ብራውዘር ማስተናገድ የፈለገ የድረ ገጽ ሠሪ ጉዳዩን ራሱ በሰርቨሩ ላይ ከመጨረስ ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ቃሉን ይቆርጣል ወይም ይከለክላል። ዛሬ ትእዛዙ በሁሉም ብራውዘር ይሠራል። የቀድሞው ኮድ ግን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እየተገለበጠ፣ ለምን እንደተጻፈ ሳይጠየቅ ዘልቋል።

የእጅ ስልክ ደግሞ ጥያቄውን አድሶታል። ማያ ገጹ ጠባብ ነውና በኮምፒውተር ላይ የማይታወቅ ቃል በስልክ ላይ ከዳር ያልፋል። በ2018 የወጣው 2.1ኛው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ጽሑፍ በ320 ፒክሰል ስፋት ላይ ወደ ጎን ሳይጎተት መነበብ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ረጅም ቃል ዛሬም ጥያቄ ነው፤ የተለወጠው መልሱ ነው።

አንድ ቃል የት ያበቃል?

ፍተሻው ርዝመትን ከመለካቱ በፊት ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማወቅ አለበት። የተለመደው ዘዴ በክፍት ቦታ መክፈል ነው። ለእንግሊዝኛ ይበቃል። ለታይላንድ ቋንቋ ግን ጭራሽ አይሆንም፤ በዚያ አጻጻፍ በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ስለማይገባ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል።

የእኛ ጉዳይ በመካከል ያለ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው በክፍት ቦታ ይጽፋል፤ ሁለት ነጥብ ግን አልሞተም። የቤተ ክርስቲያን ጽሑፎች፣ የቆዩ መጻሕፍት ቅጂዎችና ጥንታዊውን ሥርዓት የሚወዱ ሰዎች አጻጻፍ ዛሬም ቃላትን በእሱ ይለያሉ። አንድ ሰው እንዲህ ጻፈ እንበል፦

ሰላም፡ለሁላችሁ፡እንዴት፡ሰነበታችሁ።

ለአንባቢ ይህ አራት ቃል ነው። በክፍት ቦታ ለሚከፍል ፍተሻ ግን 22 ምልክት ያለው አንድ ቃል ነው። ምክንያቱ ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በዩኒኮድ ውስጥ ይገኛል። ሁለት ነጥብ በአስርዮሽ ቁጥር 4961 ላይ ተመዝግቦ ሳለ፣ የተመደበው ከሥርዓተ ነጥብ ወገን እንጂ ከክፍት ቦታ ወገን አይደለም። በጣም የሚያስቆጨው፣ የዚያው ዩኒኮድ የመስመር አስተጣጠፍ ደንብ ከሁለት ነጥብ በኋላ መስመር ማጠፍን መፍቀዱ ነው። ብራውዘሩ ያንን ጽሑፍ ያለ ምንም ችግር ያጥፈዋል፤ ፍተሻው ግን ገጹን ያበላሻል ብሎ ይመልሰዋል። የተከለከለው ነገር ማንንም አይጎዳም ነበር።

ሌላው የተለመደ ነገር አራት ነጥብን ተከትሎ ክፍት ቦታ አለመተው ነው። በስልክ በጥድፊያ የሚጽፍ ሰው የአንዱን ዓረፍተ ነገር መጨረሻና የቀጣዩን መጀመሪያ ያያይዛቸዋል፤ ለፍተሻው ሁለቱ ቃላት አንድ ይሆናሉ። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝም እንዲሁ ናቸው።

ለዚህ የተሻለ መሣሪያ አለ። የዩኒኮድ የቃል ወሰን ደንብ ሁለት ነጥብንና አራት ነጥብን እንደ መለያ ያያቸዋል። በዚህ ደንብ የሚሠራው ኢንትል ሴግሜንተር የተባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ፋየርፎክስ በ2024 ከተቀበለው ወዲህ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ይገኛል። እሱን መጠቀም ያልቻለ ደግሞ በሚከፍልባቸው ምልክቶች ዝርዝር ውስጥ የግዕዝን ሥርዓተ ነጥብ መጨመር ብቻ ይበቃዋል። የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ርዝመት በምን ይቆጠር?

ከሁሉ የከፋው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ድረ ገጾች ጽሑፍ በሚያስቀምጡበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው አቀማመጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ባይትን እየቆጠሩ ፊደል ቆጠርን ማለት የእንግዶችን ብዛት በኪሎ መዝኖ እንደ መናገር ነው።

አንድ ቃል በቅርብ እንይ፦ «እንደሚያስተዋውቋቸውም»። ፊደሉ 13 ነው። በብራውዘር ውስጥ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት ርዝመቱን ሲጠየቅ 13 ይላል። በሰርቨሩ ላይ ያለው የፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ ተራ የርዝመት መቁጠሪያ ደግሞ 39 ይላል። ወሰኑ 30 ከሆነ ቃሉ በብራውዘሩ ፊት ያልፋል፤ ሰርቨሩ ይመልሰዋል። ተጠቃሚው የሚያየው «30 ፊደል» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቢቆጥረው 13 ነው፤ ምን እንደሚያስተካክል አያውቅም። ፒኤችፒ ፊደልን በትክክል የሚቆጥር ሌላ መቁጠሪያ አለው፤ ብዙ ሰው የሚለምደው ግን የመጀመሪያውን ነው።

መቁረጥ ሲመጣ ጉዳቱ ይታያል። የፒኤችፒ የመስመር ማጠፊያ ረጅሙን ቃል እንዲቆርጥ ታዝዞ ወሰኑ 20 ቢሆን፣ የሚቆጥረው ባይት ነውና ስድስት ፊደል ማለትም 18 ባይት ያልፋሉ፤ ሰባተኛዋ «ተ» ግን ለሁለት ትሰነጠቃለች። ሁለት ባይቷ በላይኛው መስመር ይቀራል፤ አንዱ ወደ ታችኛው ይወርዳል። አንባቢው በ«ተ» ቦታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አራት ማዕዘን ያያል። ጽሑፉ እንዲህ ሆኖ ዳታቤዝ ውስጥ ከገባ ያቺ ፊደል ጠፍታ ትቀራለች።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። አንዳንድ ፍተሻዎች «በተከታታይ የመጡ ፊደላት» ይፈልጋሉ፤ በጃቫስክሪፕት የተለመደው የዚህ ፍለጋ ምልክት ግን ፊደል ብሎ የሚያውቀው የእንግሊዝኛን ፊደላት፣ ቁጥሮችንና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ነው። ለእርሱ «ሃ» ፊደል አይደለችም። ሦስት መቶ «ሃ» ቢደረደር አንድም ቃል አላገኘሁም ብሎ ያሳልፋል። አማርኛ በአንዱ ዘዴ ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ በሌላው ጭራሽ አይታይም።

ፊደልን በቁጥር ለይቶ ማስቀመጥ በእርግጥ ለግዕዝ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ከነድምፁ የራሱ አንድ ቁጥር አለውና። ነገር ግን ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። በ2021 በ14.0 እትም ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት ፊደላት የተቀመጡት ከ65,535 በላይ ባለው ክልል ነው። እነዚህ አራት አራት ባይት ይይዛሉ፤ በጃቫስክሪፕት ተራ ቆጠራም አንዱ ሁለት ይባላል። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ ከሦስት ባይት በላይ በማይቀበለው የቀድሞው አቀማመጥ ደግሞ ከነአካቴው አይገቡም። አማርኛን ብቻ ሞክሮ «የኢትዮጵያን ፊደል እናስተናግዳለን» ማለት በቂ አይደለም።

የሊንክ ጉዳይ

በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ በእውነት የሚረዝመው ሰንሰለት ሊንክ ነው። በአማርኛ ዊኪፔዲያ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ገጽ አድራሻ ኮፒ አድርገን ስንለጥፍ፣ አምስቱ ፊደላት በፐርሰንት ምልክት ወደታጀቡ ቁጥሮችና የላቲን ፊደላት ይለወጣሉ። አንዱ ባይት ሦስት ምልክት ይሆናል፤ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ነውና ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ አምስቱ ፊደላት 45 ይሆናሉ። ይኸው የአገር ስም በእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ስምንት ምልክት ብቻ ነው። ምንጩን በአማርኛ የጠቀሰ ሰው ከእንግሊዝኛ ጠቃሹ ይልቅ በፍተሻው የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሊንክ ስለዚህ ከቃል ፍተሻ ውጭ መሆን አለበት፤ ቀድሞ ይለይ፣ በገጹ ላይ አጥሮ ይታይ፣ ከጀርባው ግን ሙሉው አድራሻ ሳይነካ ይቀመጥ።

ስንት ሲሆን ነው የረዘመ የሚባለው?

ለሁሉም ቋንቋ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። በጀርመን የመክለንቡርግ ፎርፖመርን ግዛት ስለ በሬ ሥጋ ምልክት ቁጥጥር የወጣ አንድ ሕግ ስሙ 63 ፊደል ያለው አንድ ቃል ነበር፤ ሕጉ በ2013 ተሽሯል። በዌልስ ያለች አንዲት መንደር ረጅም ስም 58 ፊደል ነው። ለእንግሊዝኛ 30 ብሎ የተወሰነ ቁጥር እነዚህን ሁለቱንም ይከለክላል።

አማርኛ በተቃራኒው ብዙ ትርጉም በጥቂት ፊደል ያጭቃል። ቅድም ያየነው ባለ 13 ፊደል ቃል በላቲን ቢጻፍ ከ20 ፊደል በላይ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ በርካታ ቃላት ያሉት ሐረግ ነው። በሥርዓቱ የተጻፈ የአማርኛ ቃል 20 ፊደል የሚሞላው ከስንት አንዴ ነው። ፊደል በትክክል የሚቆጥር ፍተሻ እንግዲህ አማርኛን ሊያስቸግር አይገባም ነበር። የሚያስቸግረው ባይት ስለሚቆጥር ነው።

ሆኖም ከሥርዓቱ ውጭ የሚጻፈውም ጽሑፍ ነው። በሠርግ መልካም ምኞት ላይ ሰው «እልልልልልልልል» ብሎ ይጽፋል፤ ለጸሎት «አሜንንንንን» ይላል። ይህ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ማስገባቱ ነው እንጂ ጥፋት አይደለም። መስመሩን አጥፎ ማሳየት ይበቃል፤ ደስታውን «ልክ ያልሆነ ግቤት» ብሎ መመለስ ነውር ነው።

ወሰን አውጪዎች በፊደላችን ላይ የሚጥሉት ጫና ከድረ ገጽ ፍተሻም ይሰፋል። አንድ የስልክ አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ነው። ትዊተር፣ የዛሬው ኤክስ፣ በኅዳር ወር 2017 ወሰኑን ከ140 ወደ 280 ሲያሳድግ አዲስ የፊደል ሚዛን አወጣ፤ በዩኒኮድ ቁጥራቸው ከ0 እስከ 4351 ያሉት አንድ ተብለው ሲቆጠሩ ከጥቂቶች በቀር ከዚያ በላይ ያሉት ሁለት ይባላሉ። የታሰበው ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ ነበር፤ በእነርሱ ጥቂት ፊደል ብዙ ይናገራልና። የግዕዝ ፊደል በ4608 ላይ፣ ከኮሪያ ፊደል ክፍሎች ቀጥሎ ስለሚጀምር ከወሰኑ ማዶ ቀረ። አማርኛ ጸሐፊ በ140 ፊደል ላይ ቀረ። በቁጥር ሠንጠረዥ ውስጥ ያለው ቦታ የመናገሪያ ልኩን ወሰነው።

ሲረዝም ምን ይደረግ?

በሥራ ላይ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው።

መመለስ የመጀመሪያው ነው። ለሠሪው ቀላል፣ ለተጠቃሚው ከባድ ነው፤ ቅጹን ሞልቶ የጨረሰ ሰው የትኛው ቃል እንዳስያዘው እንኳ ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ሁለተኛው መቁረጥ ነው፤ በባይት ከሆነ ፊደል ይሰነጥቃል፤ በፊደል ቢሆንም የሰውን ጽሑፍ ሳያስፈቅዱ መለወጥ ነው። ሦስተኛው በቃሉ መካከል የማይታይ ምልክት፣ ለምሳሌ ስፋት የሌለው ክፍት ቦታ ማስገባት ነው። በዓይን ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ግን ኮፒ የተደረገ ሊንክ አይከፈትም፤ ቃሉን በፍለጋ የፈለገ አያገኘውም።

አራተኛው ጽሑፉን እንዳለ ትቶ አቀራረቡን ብቻ ማስተካከል ነው። ብራውዘሩ «ቃሉ በመስመሩ ካልገባ ባለበት እጠፈው» ተብሎ ይታዘዛል። ዳታው አይነካም፣ ፍለጋው አይበላሽም፣ ማንም አይመለስም።

ይህ መንገድ ለግዕዝ ፊደል ከሁሉ በላይ ይስማማል። የብራና ጸሐፊዎች መስመሩ ሲሞላ ቃሉን በየትኛውም ፊደል ላይ አቋርጠው፣ ሰረዝ ሳያደርጉ ቀጣዩን መስመር ይጀምሩ ነበር። የቃሉ መጨረሻ የሚታወቀው በሁለት ነጥቡ ነውና አንባቢው አይደናገርም። የድረ ገጽ አቀራረብ ደረጃ የጽሑፍ ክፍል ይህን ልማድ በስሙ ጠቅሶታል፤ ግዕዝ ሁለት ዓይነት የመስመር አስተጣጠፍ እንዳለው፣ አንዱ በቃላት መካከል ብቻ፣ ሌላው በቃል ውስጥ በየፊደሉ መካከልም እንደሆነ ይገልጻል። የዛሬ አንባቢ ቃሉን ሙሉ ማየት ስለለመደ በቃላት መካከል ማጠፍ ይቅደም፤ ያልገባው ቃል ብቻ በፊደል መካከል ይታጠፍ። እንግሊዝኛ ለዚህ ሰረዝና የክፍለ ቃል መዝገብ ያስፈልገዋል፤ የእኛ ፊደል ግን አያስፈልገውም።

ለመረበሽ ሲጻፍ

ማጠፍ ሁሉንም አይፈታም። አንድ ሰው ሆን ብሎ አንድ ሚሊዮን «ሀ» ቢልክ ችግሩ የገጹ ቅርጽ ሳይሆን ሰርቨሩ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከቃል ፍተሻ በፊት የሚቀመጥ የጠቅላላ ጽሑፍ ወሰን ነው፤ ባይት መቁጠርም ትክክል የሚሆነው እዚህ ቦታ ነው፤ የሚጠበቀው የማሽኑ ቦታ ነውና።

ፍተሻው ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በጁላይ 20 ቀን 2016 ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ ለ34 ደቂቃ ተቋርጧል። መንስኤው 20,000 ያህል ተከታታይ ክፍት ቦታ የያዘ አንድ ጽሑፍ ነበር፤ ክፍት ቦታን ከጽሑፍ ጫፍ የሚያጸዳው ደንብ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ እንደ አዲስ እየጀመረ ወደ 200 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሲፈትሽ ሰርቨሮቹን አስጨነቀ። ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅትም በጁላይ 2 ቀን 2019 በአንድ የፍለጋ ደንብ ምክንያት ለ27 ደቂቃ ተሰናክሏል። የረዘመን ለመያዝ የተጻፈ ደንብ ራሱ በረዘመ ጽሑፍ መፈተን አለበት።

ስም ሲሆን

ከሁሉ የሚከብደው የስም ቦታ ነው። በ2013 በሃዋይ አንዲት ሴት ስሟ በመታወቂያዋ ላይ ተቆርጦ በመውጣቱ አቤት ብላ፣ ግዛቲቱ ለስም የሚሰጠውን ቦታ ወደ 40 ፊደል አሳድጋለች። «ገብረእግዚአብሔር» ተያይዞ ሲጻፍ 10 ፊደል፣ 30 ባይት ነው። ኦራክል ዳታቤዝ ሌላ ካልታዘዘ የጽሑፍ ዓምዱን የሚለካው በባይት ነው፤ ለስም 30 የተመደበበት ዓምድ ይህን ስም እስከ ጫፉ ይሞላል፤ ከ10 ፊደል የሚበልጥ ስም ግን አይገባም። በባንክ፣ በትምህርት ቤት ወይም በጉዞ ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል የተለያየ ስም ባለቤቱን ከቢሮ ቢሮ ያንከራትተዋል። ስም ሊታጠፍ ይችላል፤ ሊቆረጥ ግን አይገባም።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አሠራር ውስብስብ አይደለም። ቅርጽን ብራውዘሩ ይጠብቅ፤ ሰርቨሩ በቅርጽ ምክንያት ማንንም አይመልስ። ማሽንን ለመጠበቅ የጠቅላላ ጽሑፍ ወሰን ይኑር። የቃል ወሰን የግድ ከሆነ በፊደል ይቆጠር፤ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ቃል ይለዩ፤ ሊንክ ከቆጠራው ይውጣ፤ ብራውዘሩና ሰርቨሩ አንድ ዓይነት ቁጥር ይናገሩ። ተጠቃሚው ከተመለሰም የትኛው ቃል በስንት ፊደል እንዳለፈ በአማርኛ ይነገረው፤ የጻፈው ጽሑፍም አይጥፋበት።

ድረ ገጽ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶችም ሥራውን ከመረከባቸው በፊት አምስት ነገሮችን በቅጹ ላይ ጽፈው ይሞክሩ፦ በሁለት ነጥብ የተለያየ ዓረፍተ ነገር፣ 13 ፊደል ያለው ግሥ፣ የአማርኛ ዊኪፔዲያ ሊንክ፣ ተያይዞ የተጻፈ ረጅም ስም፣ ከጉራጌ አዲስ ፊደላት አንዱ። አምስቱም ሳይመለሱ፣ ሳይቆረጡና ሳይበላሹ ካለፉ ገጹ ለሕዝብ ይከፈት። ካላለፉ ሠሪው ያስተካክል፤ ክፍያውም እስከዚያ ይቆይ።